«ይጾማሉ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?

የረመዳን ወር ከገባ ወዲህ በዚህ ገጽ ስለ ኢፍጣር ማዕድ፣ ስለ ተራዊህ ሰላት፣ ስለ ገበያው ውድነትና ስለ መረዳዳቱ ስናወጋ ሰንብተናል። ዛሬ ደግሞ በዚያው ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ቴምሩን አንስተው መልሰው ስለሚያስቀምጡት ሰዎች እንጽፋለን። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ይዟቸው ለዓመታት ከመድኃኒት ጋር ስለሚኖሩት ማለታችን ነው። የሚያስታምሟቸውን ቤተሰቦችና በየቀጠሯቸው የሚቀበሏቸውን ነርሶችም አንረሳም።

ከምናውቃቸው እናቶች አንዷ ስድሳውን የተሻገሩ፣ ስኳር ከተገኘባቸው አሥር ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ክኒናቸውን ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። ቀጠሯቸው ሲደርስ በሌሊት ተነስተው ወረፋ ይይዛሉ፤ ደማቸው ይለካል፤ ቁጥሩ ካርዳቸው ላይ ይሰፍራል፤ መድኃኒታቸውን ተቀብለው ይመለሳሉ። ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንደ ወትሮው ሄደው ነበር። ስለ ጾሙ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እርሳቸውም አላነሱም። ለምን ዝም እንዳሉ ስንጠይቃቸው የሰጡን መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሯችን አልወጣም። «ለሲስተሯ ብነግራት አይጹሙ ትለኛለች። ከዚያ የሐኪም ትእዛዝ ጥሼ ልጾም ነው። ካልነገርኳት ግን የጣስኩት ነገር የለም።»

ጾሙን ያዙ። የጠዋቱን ክኒን ሱሁር ላይ፣ የማታውን ከኢፍጣር በኋላ እያደረጉ መጠኑን ሳይነኩ ቀጠሉ። በስምንተኛው ቀን፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሳምቡሳ እየጠቀለሉ ሳለ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ልጃቸውን በእህታቸው ስም ጠሯት። ልጅቱ የጾም ድካም መስሏት «እማ፣ ጋደም በይ፣ መግሪብ ሊደርስ ነው» አለቻቸው። ነገሩ የገባት ስኒ ልትበደር የመጣች ጎረቤት ናት፤ ባለቤቷ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነ ምልክቱን ታውቀዋለች። ስኳር በውኃ በጥብጣ ብታጠጣቸው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነፍሳቸው መለስ አለ። ጎረቤቷ ስኒ ባያንሳት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እናቲቱም ልጅቱም ማውራት አይፈልጉም።

ይህን የምናነሳው ነርሷን ለመውቀስ አይደለም። ያን ዕለት በበሯ የተሰለፈውን ሰው ያየ እንዲህ አይልም። ለአንድ ታካሚ የሚደርሳት ጊዜ ደም ለክቶ ቁጥር ለመጻፍ እንኳ የሚያንስ ነው። ችግሩ ጥያቄው የማንም ሥራ አለመሆኑ ነው። እኛ ያየነው ካርድ ላይ የስኳር መጠን፣ የደም ግፊት፣ ክብደትና የሚቀጥለው ቀጠሮ የሚጻፍበት ቦታ አለ። «ይጾማሉ ወይ?» የሚል መስመር ግን የለም።

ሕመምተኛ ይጾማል። ይህን በቁጥር ያሳየው ኤፒዲያር የተባለው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ሕሙማንን አካቶ የተካሄደው ይህ ጥናት በ2004 ሲታተም፣ ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው መካከል 79 በመቶ ያህሉ፣ ዓይነት አንድ ካለባቸውም 43 በመቶ ያህሉ በረመዳን ቢያንስ 15 ቀን መጾማቸውን አመለከተ። ዓይነት አንድ ማለት ያለ ኢንሱሊን አንድ ቀን መዋል የማይቻልበት ነው፤ ከእነዚህ እንኳ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ጾመዋል። ሆስፒታል የሚያስገባ የስኳር መውረድ ዓይነት ሁለት ባለባቸው ላይ ከመቶ ሰው በወር 0.4 የነበረው ወደ 3 ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሰባት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው። ዓይነት አንድ ባለባቸው ላይ ደግሞ ከ3 ወደ 14 ደረሰ። የስኳር ከመጠን በላይ መውጣትም ጨምሯል። ከሁሉም በላይ እኛን ያስደነገጠን ግን ሌላ ነው፤ ለጾሙ ብለው የመድኃኒታቸውን መጠን የቀየሩት ከግማሽ በታች ነበሩ። የምግቡ ሰዓት ከቀን ወደ ሌሊት ሲገለበጥ መድኃኒቱ እንደነበረው ቀጥሏል ማለት ነው። የእኚያ እናት ቤት ታሪክም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ለታመመ ሰው ጾሙ መች ተገደደ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው። ሕመምተኛ ጾሙን ትቶ ሲሻለው በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ፣ የመዳን ተስፋ የሌለው ሕመም የያዘውም በየቀኑ አንድ ችግረኛ በማብላት ፊድያ እንዲሰጥ ሃይማኖቱ ፈቅዷል፤ ይህን ከአንባቢዎቻችን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። እኚያ እናትም ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ «ሕመምተኛ» የተባለ ሰው በዚህ ወር ከጎረቤቱ፣ ከልጆቹና ከጀመዓው እኩል ሆኖ መዋል ይፈልጋል። ቤቱ በሙሉ ሲጾም ብቻን ምሳ መብላት ከሕመሙ የከፋ ብቸኝነት ነው የሚሉ አሉ። በአንድ ቃል «አይጹሙ» ብሎ መሸኘት ይህን ሁሉ ሳይሰሙ መፍረድ ይሆናል፤ ውጤቱም ሰውየው ሳይናገር መጾሙ ነው። ሁሉም የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድና ስኳሩ የተረጋጋ ጎልማሳ ሌላ ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ወይም ባለፉት ሦስት ወራት ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሳተ ሰው ሌላ ነው። የኋለኛው መጾም እንደሌለበት ሐኪሞችም የሃይማኖት ሊቃውንትም ይስማማሉ። የፊተኛው ግን ከተመከረ ሊጾም ይችላል። ይህን የሚለየው ንግግር ነው፤ ንግግር ደግሞ ጊዜና መቀመጫ ይፈልጋል።

ንግግሩ ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ጥናት አለ። በለንደን ከተማ ክኒን በሚወስዱ 111 ሙስሊም የስኳር ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ነው። 57ቱ ከረመዳን በፊት በቡድን ትምህርት ወስደዋል፤ ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስኳርን ስለ መለካት፣ ስለ ምልክቶቹ፣ ስለ መድኃኒቱ ሰዓትና መጠን። 54ቱ አልወሰዱም። የተማሩት ዘንድ የስኳር መውረድ አጋጣሚ ከ9 ወደ 5 ቀነሰ፤ ያልተማሩት ዘንድ ከ9 ወደ 36 ወጣ። የተማሩት በአማካይ 0.7 ኪሎ ሲቀንሱ ሌሎቹ 0.6 ኪሎ ጨመሩ። ሰዎቹ በዕጣ የተከፈሉ ስላልነበሩ፣ ወደ ትምህርቱ የሄዱት ቀድሞም ለጤናቸው ይበልጥ የሚጠነቀቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህን ሳንጠቅስ ብናልፍ ለአንባቢ ታማኝ አንሆንም። ቢሆንም 5 እና 36ን አስተያይቶ ትምህርቱ ምንም አልሠራም ማለት ይከብዳል። በነገራችን ላይ ስኳር ከወረደባቸው የሚበዙት ሰልፎኒልዩሪያ ከሚባለው ወገን ክኒን የሚወስዱ ነበሩ። በጤና ጣቢያዎቻችን የሚታወቀው ግሊበንክላሚድ የዚሁ ወገን ነው።

የዓለም የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከዳር ጥምረት ጋር በ2016 አውጥቶ በ2021 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ያሻሻለው መመሪያ ይህ ንግግር ከረመዳን 6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ እንዲደረግ ይመክራል። በእኛ አቆጣጠር ከረጀብ መጀመሪያ እስከ አጋማሹ መሆኑ ነው። ለዘንድሮ አልፏል። ሆኖም ወሩ ገና ስላላለቀ፣ ሳይመክሩ ጾም የያዙ አንባቢዎቻችን ነገ ጠዋት ወደ ነርሳቸው ቢሄዱ አልዘገዩም። እስከዚያው ሊታወቅ የሚገባው ጥቂት ነው። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ፣ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ከመጣ፣ ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀርም ጾሙ ይፈታል። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም፤ በዚህ ላይ በሊቃውንቱ መካከል ሰፊ ስምምነት አለ። ሱሁርን ሳይበሉ ማደር አይገባም፤ በተቻለ መጠንም ወደ ንጋት ማዘግየት ይሻላል። የመድኃኒት መጠንና ሰዓት ግን ጎረቤት በነገረን አይቀየርም። ባጠቃላይ የሚበዛው ክፍል ወደ ኢፍጣር፣ የሚያንሰው ወደ ሱሁር እንዲሆን ቢደረግም የእያንዳንዱን ሰው ልክ የሚወስነው ባለሙያው ነው።

አሁን ወደ አስታማሚው እንምጣ። ቋንቋችን ለዚህ ሰው የራሱ ስም አለው፤ የሕክምና ሥርዓታችን ግን ገና ስሙን አልጠራውም። ጁልየት ኮርቢን የተባሉ ነርስና አንሰልም ስትራውስ የተባሉ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥር የሰደደ ሕመም ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ማለቂያ የሌለው፣ በባልና ሚስት፣ በልጅና በወላጅ መካከል የሚከፋፈል ሥራ። መድኃኒቱን መቁጠር አንዱ ነው። ምግብ ማብሰሉና ልብስ ማጠቡ ሌላው ነው። ሦስተኛው ሳይታይ የሚቀረው ነው፤ «ከእንግዲህ እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን የታማሚ ጥያቄ አብሮ መሸከም። ረመዳን ሲመጣ ሦስቱም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃሉ፤ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት። ከሰዓት በኋላ ሾርባውን ትጥዳለች፣ ሳምቡሳውን ትጠብሳለች፤ በዚያው እጇ የእናቷን ግንባር ትዳስሳለች። ራሷም ጾመኛ ናት። እንቅልፏ ለሱሁር ተቆራርጧል። ምን ምልክት ሲታይ ምን ማድረግ እንዳለባት ግን የነገራት የለም፤ ምክንያቱም ነርሷ ዘንድ የቀረበችው ታማሚዋ ብቻ ናት። ከላይ ያነሳናት ልጅ «እማ፣ ጋደም በይ» ያለችው ባለማወቅ እንጂ ባለመውደድ አይደለም። እርሷ አጠገብ አንዲት የግማሽ ሰዓት ትምህርት ደርሳ ቢሆን ጎረቤትን የመሰለ ዕድል መጠበቅ ባላስፈለገ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉ አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕክምናን እንደታዘዘው የሚከታተለው ከታማሚው ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆኑን ገልጿል። መድኃኒት በየፋርማሲው በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ችግሩ የመድኃኒት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ነርስን ማዕከል ያደረገ ክትትል ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ጅማና ጎንደር ዘንድ ቀድሞ ተሞክሯል። ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው የገጠር ሰዎች ለክትትል ወደ ሆስፒታሉ ከተማ ረጅም መንገድ ይጓዙ ነበር፤ መንገዱ የከበደው ይቀራል፤ የቀረውም ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ሸክም ላይ ሆኖ ነው። በአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው ክትትሉን እንዲይዙ፣ የሆስፒታሉ ሐኪሞችም በየጊዜው እየወረዱ እንዲያግዟቸው ተደረገ። ዶክተር ዮሴፍ ማሞና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን አሠራር ለሌሎች አገሮችም ምሳሌ የሚሆን ብለው አቅርበውታል። በጅማና በዙሪያዋ ረመዳን የማይገባበት መንደር ጥቂት ነው። ታማሚውን በስሙ የምታውቅ፣ ቤቱ የት እንደሆነ የምታውቅ ነርስ «ዘንድሮስ እንዴት አስበዋል?» ብላ ለመጠየቅ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ናት።

ኢንሱሊን ለሚወስዱ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ያለውም መብራት ይጠፋበታል፤ በረመዳን ደግሞ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። በኬንያ ዳዳብ፣ ዳጋሀሌ በሚባለው የስደተኞች መጠለያ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት ለክቶ፣ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንኑ ሙቀት በቤተ ሙከራ ደግመው ኢንሱሊንን ፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋልል ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየው ኢንሱሊን በቀዝቃዛ ከተቀመጠው ያልተናነሰ ሆኖ መገኘቱን አሳየ። እንስራ አጠገብ፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ሸክላ ውስጥ ብልቃጧን የምታስቀምጥ እናት ሞኝ አልነበረችም። ይህ ግን ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ለተረሳ ብልቃጥ አይሠራም፤ ለየትኛው ዓይነት ኢንሱሊን ምን ያህል ጊዜ የሚለውንም ነርሷን መጠየቅ ይገባል። ዞሮ ዞሮ ወደ ነርሷ ይመልሰናል።

መለኪያውስ? ከጅዳ ወይም ከዱባይ ዘመድ የላከው የስኳር መለኪያ በየመሳቢያው አለ። ከርሱ ጋር የመጣው ስትሪፕ ሲያልቅ እዚህ የሚሸጠው አይገጥምለትም፤ ማሽኑ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የሚገጥም የተገኘለትም ቢሆን አንዱን ስትሪፕ ለስንት ቀን እንደሚያብቃቃው ያሰላል። በዚህ ወር ለችግረኛ ቤቶች ዱቄት፣ ዘይት፣ ቴምርና ስኳር የሚያከፋፍሉ ብዙ በጎ ሰዎች አሉ። ከሚሰጧቸው ቤቶች መካከል ስኳር ሕመምተኛ ያለባቸው ስንት እንደሆኑ ጠይቀው ያውቁ ይሆን? ለእንዲህ ያለ ቤት ከሁለት ኪሎ ስኳር ይልቅ አንድ ካርቶን ስትሪፕ ይሻለዋል፤ ለየትኛው ማሽን እንደሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የምንጠይቀው ትልቅ ሕንጻ አይደለም። የጤና ቢሮዎች በክትትል ካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ በረጀብና በሻዕባን ወራት ለሚመጣ ሙስሊም ታካሚ ሁሉ ጥያቄው ይቅረብለት። ነርሷ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለቡድን ትምህርት ይለቀቅላት፤ አስታማሚም ይጋበዝ። ይህ ሰዓት በወሩ ሪፖርት ላይ እንደ ሥራ ይቆጠርላት። የማይቆጠር ሥራ ምን እንደሚሆን በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። መስጊዶችም አንድ ጁሙዓ ለነርስ ቢሰጡ፣ ኢማሙ የሚናገሩትና ነርሷ የምትናገረው ሲገጥም ታማሚው ሁለት ጌታ ከማገልገል ይድናል። ከነቢዩ ዘመን ጀምሮ ሩፈይዳ አል አስለሚያ በመስጊዱ አጠገብ በተተከለ ድንኳን ቁስለኞችን ታክም እንደነበር የሚያነሱ ኡስታዞች አሉን፤ ነርስን ወደ መስጊድ ግቢ መጋበዝ አዲስ ፈሊጥ አይሆንባቸውም።

ረመዳን በአንዳንድ ዓመት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማል። በዚያን ጊዜ በአንዱ ወንበር ሙስሊሟ፣ በሌላው ክርስቲያኗ ተቀምጠው፣ ሁለቱም ያንኑ ክኒን ይዘው፣ ሁለቱም ያንኑ ዝምታ ዝም ብለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የጾሞቹ ሥርዓት ይለያይ እንጂ ጥያቄው ለሁለቱም ያስፈልጋል።

እኚያ እናት ዘንድሮ በረጀብ ቀጠሯቸው ልጃቸውን አስከትለው ሄዱ። የጠየቀችው ልጅቱ ናት። ነርሷ ሌላ ክፍል ስላልነበራት ሁለቱን በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ አነጋገረቻቸው፤ ሰልፉ አጉረመረመ። ሐኪሙን አማክራ የክኒኑ መጠንና ሰዓት ተለወጠ፤ ቀትር ላይና አሥር ሰዓት ላይ እንዲለኩ፣ ከ70 ከወረደ ሳይከራከሩ እንዲፈቱ ተስማሙ። ይጾማሉ። እስካሁን ሁለት ቀን ፈትተዋል፤ ቀዷ አለባቸው። ቁጥሩን ልጅቱ በደብተር ትይዛለች፤ ትናንት ማታ ስንደውል ስትሪፑን ቆጥራ አሥራ አንድ ቀርቶናል አለችን፤ እስከ ዒድ አይበቃም።